ጎጆ መውጣትና ጎጆ ማቆየት
የአርሲ ደጋ የድኻ ቤትና የማኅበር ገንዘብ ታሪክ

አንድ ጎልማሳ ትዳር ይዞ ከአባቱ ቤት ሲለይ በአማርኛ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ይህ አነጋገር ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ሰው ለመባል አስቀድሞ የራሱ ጣሪያ ሊኖረው እንደሚገባ ያስረዳል። ነገር ግን ቋንቋው ጎጆ ለሚወጣው ሰው እንዲህ ያለ ያማረ ቃል ሲያበጅለት፣ ምሰሶው ሲበሰብስና ክዳኑ ሲያፈስ ጎጆውን ለሚያድሰው ሰው እኩያ ቃል አላበጀለትም። የታሪኩም ነገር እንደዚሁ ነው። ቤት ለመሥራት የሚሰበሰብ እጅና ገንዘብ በየዘመኑ ተገኝቷል፤ የተሠራውን ለማቆየት የሚሆነው ግን እምብዛም አልተገኘም። ትርፍ የማይፈልግ ገንዘብ ለድኻ መጠጊያ የዋለበትን ታሪክ በአርሲ ደጋ የተመለከተ ሰው ይህን ነገር በግልጽ ያየዋል።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። የጭላሎ ራስ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን ከተማይቱም በ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ ዝናም የበዛበት፣ ሌሊቱም ብርዳም ስለ ሆነ ቤት በዚህ አገር ለጌጥ ሳይሆን ለነፍስ የሚፈለግ ነው። የከተማው ድኻ ቤት እንደ ሌሎቹ የደጋ ከተሞች ሁሉ ባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ በማገር ታስሮ፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ከላይ ቆርቆሮ የሚለብስ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለመሥራት ርካሽ ነው። ለማቆየት ግን ልስኑ በየጊዜው መታደስ፣ አፈር የነካው የቋሚው እግር መለወጥ፣ የዛገው ቆርቆሮ መተካት አለበት። ይህ ሳይደረግ ጥቂት ክረምት ያለፈ እንደ ሆነ ግድግዳው ያዘማል፤ ካዘመመም በኋላ የማደሻው ወጪ ከአዲስ ቤት ወጪ ሊስተካከል ይቀርባል።

በቀድሞው ዘመን የገጠሩ ጎጆ የሚሠራው በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት ብድር ነበረ። በወንፈል የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው እየሠሩ የእጃቸውን ድካም ይበዳደራሉ፤ በደቦ ግን ባለ ጉዳዩ የሚበላውንና የሚጠጣውን አዘጋጅቶ መንደሩን ይጠራል። አርሲዎችም ይህንኑ ደቦና ጅጌ ይሉታል። እንጨቱ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ሣሩ ታጭዶ ከቆየ ምሰሶውን ማቆምና ወጋግራውን ማሰር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በዚህ ብድር ውስጥ ወለድ የለም፤ መያዣውም የሰውየው ስም ነው። ሲጠሩት ያልመጣ ሰው በተራው ሲጠራ የሚመጣለት እንደማያገኝ ያውቃልና ዕዳውን ሳይከፍል አያድርም።

ከዚህም ሌላ በኦሮሞ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ ቤቱ በእሳት የተቃጠለበት ወይም በሌላ መከራ የተራቆተ ሰው ሲኖር ወገኖቹ ተማክረው እንደየዐቅማቸው ከብትም እህልም አዋጥተው እንደገና ያቋቁሙታል። ይህ ሥርዓት ከምጽዋት የሚለየው ተቀባዩ ለማኝ ባለመሆኑ ነው። ትናንት ሰጪ የነበረ ነው፤ ነገም ሰጪ ይሆናል። ስለዚህ የሚቀበለውን እንደ መብቱ ይቀበለዋል። የሥርዓቱ ስም ከዘመን ዘመን ተላልፎ በኋለኛው ጊዜ በኦሮሚያ ለተቋቋመ አነስተኛ ብድር ሰጪ ድርጅት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ይሁን እንጂ ወንፈሉም ቡሳ ጎኖፋውም የሚነሡት ቤት ሲጀመር ወይም ድንገተኛ ጥፋት ሲደርስ ነው። ቀስ ብሎ የሚያረጅ ቤት ጩኸት ስለሌለው ሰው አይሰበስብም።

የቤቱ መጽናት ከቆመበት መሬት ጋር የተያያዘ መሆኑ ደግሞ በአርሲ በብርቱ ታይቷል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ ዓመታት አርሲ ከብዙ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ከመሬቱ ብዙው እየተለካ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩና ለአብያተ ክርስቲያናት ተሰጠ። ከነባሩ ሕዝብ ብዙው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ጭሰኛ ጎጆውን በገዛ እጁና በጎረቤቶቹ ደቦ ሊሠራ ይችላል፤ ጎጆው ያለበት መሬት ግን የባለርስቱ ነው። ባለርስቱ «ተነሣ» ያለው ቀን ምሰሶውን ነቅሎ ከመሄድ በቀር መከራከሪያ አልነበረውም። እንግዲህ ቤት የሚፈርሰው በዝናምና በብስባሽ ብቻ አይደለም፤ በመሬት ዋስትና ማጣትም ይፈርሳል።

ከተሞች እያደጉ ሲሄዱ የጉልበት ብድር ብቻውን ቤት ለማቆም የማይበቃ ሆነ። እንጨቱ ከገበያ ይገዛል፤ ቆርቆሮና ምስማርም ከመደብር ይመጣል፤ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበው ከተሜም ዘመዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ የከተማ ሰው የጉልበቱን ወንፈል ወደ ገንዘብ ወንፈል ለወጠው፤ ይኸውም ዕቁብ ነው። አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ድምሩን ይወስዳል፤ ሁሉም ተራውን ሲያገኝ ዕቁቡ ይፈርሳል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሸማኔ፣ ነጋዴ ወይም ደመወዝተኛ የቤቱን ቆርቆሮ ወይም እንጨት በዚህ መንገድ ገዝቷል።

ይህ ጥበብ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1775 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሪቻርድ ኬትሊ የሚባል የመሸታ ቤት ባለቤት አንድ የቤት ሥራ ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ በየጊዜው እያዋጡ፣ ገንዘቡ ሲጠራቀም ለአንዱ አባል ቤት ይሠራ ነበር፤ ሁሉም ቤት ሲያገኙ ማኅበሩ እንዲፈርስ የተወሰነ ነበረ። ይህ ከዕቁብ በምን ይለያል? ነገር ግን እንግሊዞች እንዲህ ያለው ማኅበር ሥራውን በፈጸመ ቀን እንደሚሞት፣ ከኋላ ለሚመጣው ትውልድም የሚተወው ነገር እንደሌለ አስተዋሉ። በ19ኛው ምእት ዓመት እኩሌታ አባላቱ ቢለዋወጡም ራሱ የማይፈርስ፣ ከአሮጌው አባል የሚመለሰውን ገንዘብ ለአዲሱ የሚያበድር ቋሚ ማኅበር አቋቋሙ። እነዚህ ማኅበራት ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ ሠራተኛውን ሕዝብ የቤት ባለቤት ለማድረግ ከረዱት ዋነኞቹ ሆኑ።

በኢትዮጵያ ከተሞችም የማይፈርስ ማኅበር ነበረ፤ እርሱም ዕድር ነው። ዕድር በኢጣሊያ ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በከተሞች እየተስፋፋ ሄዷል። አባላቱ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡም በዕጣ የሚከፋፈል ሳይሆን በካዝና የሚቀመጥ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳሕን የጋራ ንብረት ሆነው ይጠበቃሉ። አባል ሲሞት ልጁ ይተካል። ስለዚህ ዕድር ከሁሉም ማኅበራት ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሆነ። ሆኖም ካዝናው የተወሰነው ለሞት ነበርና ከአባሉ ቤት ጣሪያ የሚወርደው ፍሳሽ የዕድሩን ደጅ አላንኳኳም። ዕቁብ ቤት ይሠራል፤ ነገር ግን አይቆይም። ዕድር ይቆያል፤ ነገር ግን ቤትን አይመለከትም። የከተማው ድኻ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቀረ።

መንግሥትም በበኩሉ ሙከራ አድርጓል። በ1954 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሰዎች እየቆጠቡ ቤት መሥሪያ የሚበደሩበት ማኅበር ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም የቁጠባና የቤት መያዣ ብድር የሚሰጥ ሌላ የመንግሥት ድርጅት ተጨመረ። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ነገር ግን ብድሩን ሊያገኝ የሚችለው የታወቀ ደመወዝና ለመያዣ የሚሆን ንብረት ያለው ሰው ነበረና በጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ከደጅ ሳይገባ ቀረ። ባንክ የሚያምነው አስቀድሞ ያለውን ሰው ነው፤ ቤት የሚቸግረው ደግሞ የሌለውን ነው።

በዚህ ጊዜ ግድም አሰላ የብዙ እንግዶች መሰብሰቢያ ሆነች። በ1960 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሕዝቡም በምሕጻር «ካዱ» አለው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም አሰላ ነበረ። ካዱ መንገድ አስጠረገ፤ ውሃ አወጣ፤ በቁሉምሳ የተሻለ የስንዴ ዘር መረመረ፤ ከሁሉም በላይ ለትንሹ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሰጠ። ይህ ገንዘብ ትርፍ ፈላጊ ገንዘብ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ሕዝብ ግብር ተከፍሎ የድኻውን ኑሮ እንዲያሻሽል የተላከ ነበረ። ስንዴውም በዛ።

ነገር ግን ስንዴው ሲበዛ መሬቱ ዋጋ አወጣ። ቀድሞ ከጭሰኛው በሚያገኘው ድርሻ ረክቶ ይኖር የነበረው ባለርስት በትራክተር ቢያርስ የሚያገኘውን ትርፍ ተመለከተ። ብዙ ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን እያስነሡ መሬቱን በመኪና ማረስ ወይም በመኪና ለሚያርስ ባለ ገንዘብ ማከራየት ጀመሩ። ጭሰኛው ከእርሻው ጋር ጎጆውንም አጣ። ስዊድኖች የባለርስትና የጭሰኛ ውል በሕግ እንዲወሰን ሲያሳስቡ ቢቆዩም ረቂቁ በፓርላማ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለፈ። እንግዲህ ለድኻ ረድኤት የመጣው ገንዘብ፣ ድኻው በቤቱ እንዲጸና የሚያደርግ ሕግ አብሮት ስላልመጣ፣ ካላሰበው ጥፋት ላይ ደረሰ። መልካም ፈቃድ ጎድሎ አልነበረም፤ የጎደለው የመቆያው ዋስትና ነበረ።

ይህ ነገር ይበልጥ የሚያስገርመው ስዊድኖች በገዛ አገራቸው ይህን ጥያቄ አስቀድመው መልሰውት ስለ ነበረ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1923 በስቶክሆልም ተከራዮች ተሰብስበው የቁጠባና የሕንፃ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ትልቁ ማኅበር ቤቱን ይሠራል፤ ሥራው ሲፈጸም ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ትንሽ ማኅበር ያቆሙና ሕንፃውን ይረከባሉ። በየወሩ ከሚከፍሉት ላይ ለወደፊት መጠገኛ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጣል። ቤቱ ገና አዲስ ሳለ ስለ እርጅናው ይታሰባል ማለት ነው። ማንም ነዋሪውን «ተነሣ» ብሎ የማስወጣት ሥልጣን የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ የነዋሪው ማኅበር ነውና።

በኢትዮጵያ የመሬቱ ነገር የተለወጠው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ፤ የአርሲም ጭሰኛ ከባለርስቱ ነጻ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያው የሚይዘው አንድ ቤት ሆነ፤ ለቤት መሥሪያ የሚያገኘውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ቅናሹ ይበልጥ የረዳው ትንሽ ኪራይ የሚከፍለውን ሰው ነበረ። ትናንት በየወሩ የአከራዩን ፊት እያየ ይንቀጠቀጥ የነበረው ድኻ በዚያ ሌሊት ተረጋግቶ ተኛ። የአዋጁን ጉድለት የሚቈጥር ሰው ይህን አስቀድሞ መመስከር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ ሌላው ጥያቄ ብቅ አለ፤ ቤቱ ሲያረጅ ማን ያድሰዋል? የቀድሞው ባለቤት ከነገሩ ወጥቷል። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ በወር ጥቂት ብር ነው፤ እርሱም ለመንገዱ፣ ለጽሕፈት ቤቱና ለልዩ ልዩ ሥራ ይውላል። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ቤት በገዛ ገንዘቡ ለማደስ ልቡ ያመነታል፤ ሊያድስ ቢነሣም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ዕቃው በየዓመቱ ሲወደድ ኪራዩ ግን ለብዙ ዘመን በነበረበት ቆመ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ማለት በየከተማው ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው ያዘመመ ቤት ማለት ሆነ። በአዲስ አበባም የከተማው መካከል ሲታደስ እንደ ልደታ ባለው ሰፈር የነበሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። ሰው በርካሽ ይኖርበት የነበረ ቤት ሳይታደስ ኖሮ፣ እርጅናው መፍረሻው ምክንያት ሆነበት።

ከ1967ቱ ለውጥ በኋላ ሁለቱ የቀድሞ የቁጠባ ድርጅቶች ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተባሉ። ባንኩም ለቤት ሥራ ኅብረት ማኅበራት ከሌላው ባነሰ ወለድ ያበድር ነበረ። መምህራን፣ የሆስፒታልና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተደራጅተው፣ ቦታ ያለ ዋጋ እየተሰጣቸው፣ በየከተማው ቤት ሠርተዋል። ነገር ግን መንግሥት ሲለወጥ የወለዱ ልዩነት ቀረ። ባንኩም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ እንደ ሌሎቹ ባንኮች ንግድ የሚሠራ ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በዚህ ዓይነት ለቤት ተብሎ የተለየው ካዝና ከአጠቃላዩ ካዝና ጋር ተደባለቀ።

በዚሁ ዘመን ትርፍ የማይሹ ማኅበራት ወደዚህ ሥራ ገቡ። በአሜሪካ አገር እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የተመሠረተው ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የሚባል ክርስቲያናዊ ማኅበር ከ1993 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠርቷል። የዚህ ማኅበር መሠረት ቀላል ነው። ቤት የሚሠራለት ሰው በጉልበቱ ይረዳል፤ ዋጋውንም ያለ ወለድ በረጅም ጊዜ ይመልሳል፤ የተመለሰውም ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ይሆናል። ከድኻ ወለድ መቀበል በኦሪት የተከለከለ መሆኑን፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም ካህናትን ከአራጣ መከልከሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር ያለ ወለድ መስጠት ብቻ ሳይሆን የተሰጠው እንዲመለስ መድከሙ ነው። ምጽዋት አንድ ጊዜ ይሰጥና ያልቃል፤ የሚመለስ ገንዘብ ግን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል።

ሌሎች ደግሞ አዲስ ቤት ከመሥራት ይልቅ ያለውን ማዳንን መረጡ። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የተቀናጀ የከተማ ልማት ሥራ የድኻውን መንደር ሳያፈርስ፣ ነዋሪውንም ከጎረቤቱ ሳይለይ፣ የወደቁትን ቤቶች እያነሣና የተጎዱትን እያደሰ፣ የጋራ ማድ ቤትና መጸዳጃ እየጨመረ ሠርቷል። ድኻ ለኑሮው የሚደገፈው በቤቱ ግድግዳ ብቻ አይደለም። በዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ ልጁን የምትጠብቅለት ጎረቤት፣ የሚቀብረው ዕድር፣ እነዚህ ሁሉ የቤቱ ማገሮች ናቸው። ወደ ሩቅ ሰፈር የተወሰደ ሰው አዲስ ግድግዳ ያገኛል፤ ማገሩ ግን ይፈታበታል።

መንግሥት ራሱ የያዘው ትልቁ ሥራ ከ1996 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአዲስ አበባ የተነሣው፣ ቀጥሎም ወደ ብዙ የክልል ከተሞች የተዘረጋው የኮንዶሚኒየም ሥራ ነው። የገንዘቡ አካሄድ እንዲህ ነበረ። የከተማው መስተዳድር ቦንድ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል፤ በዚያ ገንዘብ ሕንፃው ይሠራል። ዕጣ የወጣለት ሰው ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ቀድሞ ከፍሎ የቀረውን ለባንኩ በረጅም ጊዜ ከወለድ ጋር ይከፍላል። ትንሹ ቤት ከወጪው ባነሰ ዋጋ፣ ትልቁ ቤት ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣል፤ በምድር ቤት ያለው ሱቅ በጨረታ ይቀርባል። ባለጠጋው ድኻውን እንዲደግፈው የታሰበ ነበረ ማለት ነው። ከዕጣውም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቷል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ እንደየገቢው አሥር በዘጠና፣ ሃያ በሰማንያ፣ አርባ በስልሳ የሚባሉ የቁጠባ መደቦች ወጡ።

በዚህ ሥራ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ቤተ ሰብ ቤት ማግኘቱ የማይካድ ነው። ነገር ግን ዕጣ የወጣላቸው ድኾች ቅድሚያውንና ወርሃዊውን ክፍያ መቋቋም እያቃታቸው ብዙዎች ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ቀድሞው ዓይነት ቤት ተመለሱ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት ከተሞችም የሚገዛው ሰው ጥቂት ሆኖ ሥራው ተገታ። የጋራ ሕንፃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370 ነዋሪዎቹ ማኅበር አቁመው ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ፍሳሹን እንዲጠብቁ ያዝዛል፤ በብዙ ስፍራ ግን ማኅበሩ ደካማ፣ ካዝናውም ባዶ ነው። አዲሱ ሕንፃ የቀበሌውን ቤት መንገድ ገና በጉብዝናው ጀመረ።

የቀበሌ ቤቶች የወደቁት በምን ምክንያት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ኪራዩ አነስተኛ ስለ ሆነ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1521 ያዕቆብ ፉገር የሚባል፣ ለነገሥታት ገንዘብ ያበድር የነበረ ታላቅ ባለጠጋ ለከተማው ድኾች 52 ቤቶች ያሉት መንደር ሠራ። ኪራዩ ለዓመት አንድ የራይን ጉልደን እንዲሆን ወሰነ፤ ነዋሪዎቹም በየቀኑ ሦስት ጸሎት እንዲያደርጉለት አዘዘ። ይህ መንደር ፉገራይ ይባላል፤ ዛሬም አለ። የዓመቱ ኪራይ ከ500 ዓመት በኋላ እንኳ አልተጨመረም፤ በዛሬ ገንዘብ አንድ ዩሮ አይሞላም። በ1944 በጦርነቱ የአውሮፕላን ቦምብ አፈረሰው፤ እንደገናም ተሠራ። ዛሬ 140 ያህል መኖሪያዎች አሉት።

ኪራዩ ከቀበሌ ቤት ኪራይ እንኳ ያነሰ ሆኖ ሳለ እንዴት ሳይፈርስ ኖረ? መልሱ ፉገር ከቤቱ ጋር ሀብትም አብሮ ስለ ለየለት ነው። መንደሩ የሚታደሰው ከተከራዩ ኪስ አይደለም፤ ለዚሁ ተብሎ የተለየው ሀብት፣ ይልቁንም ደኑ፣ በየዓመቱ ከሚሰጠው ገቢ ነው። እንጨቱ ይቆረጣል፣ ይተከላል፤ ገቢው ጣሪያውን ያድሳል። እንግዲህ ድኻን ርካሽ ኪራይ አልገደለውም፤ የገደለው ከርካሹ ኪራይ ኋላ የሚቆም ደን አለመኖሩ ነው።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ስትተከል ሕንፃው ብቻ አይሰጣትም ነበረ፤ አገልጋዮቿ የሚኖሩበትና አገልግሎቷ የሚጸናበት የሰሞን መሬት አብሮ ይወሰንላት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ በአርሲም ለነባሩ ሕዝብ ከባድ ዋጋ ያስከፈለ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከውስጡ የሚወሰደው ዐሳብ ግን አንድ ነው፤ የሚያኖረው ነገር ሳይለይለት የሚተከል ነገር አይጸናም።

የአርሲ ደጋ ለዚህ የሚሆን ነገር አላጣም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቋሚና ለማገር ይደርሳል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የማይፈርስ ማኅበርም በየሰፈሩ አለ። በቅርብ ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ አባልን መርዳት፣ የአረጋዊን ቤት ማደስ ጀምረዋል። ለምሳሌ ያህል 200 አባላት ያሉት ዕድር ከእያንዳንዱ አባል በወር 10 ብር ለቤት መጠገኛ ብሎ ለብቻው ቢያስቀምጥ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ይህ አንድ ቤት ለመሥራት አይበቃም፤ ለጥቂት አፍሳሽ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለዘመመ ግድግዳም ቋሚ ለመግዛት ግን ይረዳል። ዐቅም ያለው ያለ ወለድ ተበድሮ ቢመልስ፣ ለመበለቲቱና ለደካማው ደግሞ እንደ ቡሳ ጎኖፋ ቢሰጥ ካዝናው በሚቀጥለው ዓመት አይደርቅም።

የቆየው ወንፈል እጅን፣ ዕቁብ ገንዘብን፣ አዋጁ መሬትን፣ የውጭ ማኅበራትም የሚመለስ ብድርን አስተምረዋል። ካለፈው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት እነዚህን አንድ ላይ የሚያኖር ካዝና አስቀድሞ፣ ቤቱ ገና አዲስ ሳለ፣ መለየት እንደሚገባ ነው። ዕድር ለሞተ አባሉ ድንኳን ለመትከል አንድ ቀን እንኳ ዘግይቶ አያውቅም፤ በሕይወት ያለውም አባል ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን የሚያይለት ማኅበር ያስፈልገዋል።